ምስጋና በቫንኩቨር የዩኒቨርሲቲ ባዮማስ ጣቢያ ለሚሠሩ ነዳጅ ተቀባዮችና ኦፕሬተሮች

እ.ኤ.አ. በ2012 በካናዳ ቫንኩቨር፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተመረቀው፣ የተከተፈ እንጨትን እንደ ነዳጅ ተጠቅሞ ሙቀት የሚያመነጨው የባዮማስ ጣቢያ ብዙ ጊዜ የሚወደሰው በሕንፃው ነው። ይገባዋልም። የተሠራው በሲኤልቲ ነው፤ ሳንቃውን አንዱን ረድፍ በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም እያነባበሩ በማጣበቅ የሚገኝ ወፍራም ጣውላ። «እሳት ያለበትን ቤት በእንጨት?» ለሚል፣ የጥድ ዓይነት ወፍራም ጣውላ በእሳት ሲያዝ በደቂቃ 0.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከስላል፤ ከሰሉ ደግሞ ውስጡን ይጋርዳል። መሐንዲሱ ይህን አስልቶ ውፍረቱን ይጨምራል።

የኛ ምስጋና ግን ለነዳጅ ተቀባዮቹና ለኦፕሬተሮቹ ነው። በዚህ ሥራ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከጭነት መኪናው ጋር ነው። ግማሽ ክብደቱ ውሃ የሆነ የተከተፈ እንጨት በኪሎ 8 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ እርጥበቱ ወደ 30 በመቶ ሲወርድ 12 ይደርሳል። እርጥቡ ሲገባ እሳቱ ይቀዘቅዛል፣ ታር (ከእንጨቱ የሚወጣ ጥቁርና ተጣባቂ ዝቃጭ) ይበዛል፣ ታሩም ቧንቧው ውስጥ ይጋገራል። ጎበዝ ተቀባይ ከጭነቱ ላይ ላዩን ብቻ አያይም፤ ከተለያየ ጥልቀት ናሙና ይወስዳል፣ ይመዝናል፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም በ105 ዲግሪ ያደርቃል፣ እንደገና ይመዝናል።

ረጃጅም የልጥ ክር ስክሪው ኮንቬየሩ (እየዞረ ነዳጁን ወደ እሳቱ የሚገፋው ጠመዝማዛ ብረት) ላይ ተጠምጥሞ ያቆመዋል። አፈር የተቀላቀለበት ነዳጅ ደግሞ አመዱ በዝቅተኛ ሙቀት ቀልጦ ግሬቱ (ነዳጁ የሚነድበት የብረት ፍርግርግ) ላይ እንደ ድንጋይ ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዝና በመሮ መፈልፈል ነው። ያ ሁሉ የሚመጣው አንድ የአፈር ጭነት ስላልተመለሰ ነው! ሚስማሩን ማግኔት ይለቅማል፤ ጠጠሩን ግን ዓይንና ወንፊት ካልያዙት ማንም አይዘውም።

ተመሳሳይ ጣቢያ ለመትከል ያሰባችሁ፣ ጥቆማችን ይህ ነው፦ ማሽኑን ከመምረጣችሁ በፊት እንዲህ ያለ ባለሙያ ቅጠሩና ነዳጃችሁን ይፈትሽላችሁ። ውሉ ላይ የእርጥበት ጣሪያ፣ የመጠን ገደብ፣ የአመድ መጠን፣ ጭነት የመመለስ መብትና የእንጨቱ ምንጭ ማረጋገጫ ይግባ። የኋለኛው ለሕንፃው ጣውላም ይሠራል።

ስትቀጥሩ ስለ ማከማቻው ጠይቁት። ክምር እንጨት ከውስጥ ይሞቃል፤ ዝግ ቦታ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያጠራቅማል፣ ኦክስጅንም ይቀንሳል። ጋዙ ሽታ የለውም። ጋዝ መለኪያ ሳይዝ፣ ውጭ የሚጠብቀው ሰው ሳያቆም «የተጣበቀውን እንጨት ገብቼ አላቅቀዋለሁ» የሚላችሁን፣ የቱንም ያህል ልምድ ቢኖረው አትቅጠሩት።