የትኛው ሻምፒዮን ይበልጣል፦ ሚሺጋን 2023 ወይስ ኦሃዮ ስቴት 2024?

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ እየተወረወረና ተይዞ እየተሮጠ የሚጫወቱት ስፖርት) የዘመናት ባላንጣ የሆኑት እነዚህ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች በተከታታይ ዓመታት ዋንጫ አንስተዋል። የመጡበት መንገድ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ሚሺጋን 15 ጊዜ ተጫውቶ 15ቱንም አሸነፈ። አሰልጣኙ ጂም ሃርባ ከመደበኛው ውድድር ስድስት ጨዋታዎች ታግዶ እንኳ ቡድኑ አልተናጋም። ፔን ስቴትን 24 ለ 15 ሲረታ በሁለተኛው አጋማሽ ኳስ መወርወሩን ትቶ ይዞ በመሮጥ ብቻ ገፋ። ተጋጣሚው የሚመጣውን እያወቀ ማስቆም አቃተው። በጥንካሬ ከሆነ እኔም ከሚሺጋን ጎን ነኝ።

ልቤን የወሰደው ግን ኦሃዮ ስቴት ነው። በኦሪገን 32 ለ 31፣ ከዚያም በገዛ ሜዳው በዚያው በሚሺጋን 13 ለ 10 ተሸነፈ። ደጋፊው አንገቱን ደፋ። ሻምፒዮኑ የሚለይበት የጥሎ ማለፍ ውድድር ተሳታፊዎች ከአራት ወደ 12 ያደጉት በዚያው ዓመት መሆኑ በጀው። ቴኔሲን 42 ለ 17 አሰናበተ፤ ኦሪገንን 41 ለ 21 ተበቀለ።

ግማሽ ፍጻሜው ላይ ኦሃዮ 21 ለ 14 እየመራ ቴክሳስ ነጥብ ለማስቆጠር አንድ ያርድ (ከአንድ ሜትር ጥቂት ያነሰ) እስኪቀረው ድረስ ተጠጋ። አንድ ሙከራ ወደ ኋላ መለሰው። በአራተኛውና በመጨረሻው ሙከራ የኦሃዮው ተከላካይ ጃክ ሶየር ኳስ ወርዋሪውን መትቶ ኳሱን አስጣለው፤ ራሱ አንስቶም 83 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ያ ወርዋሪ፣ ኩዊን ዩወርስ፣ በአንድ ወቅት በኦሃዮ አብሮት ይኖር የነበረ ጓደኛው ነው። ጨዋታው 28 ለ 14 አለቀ፤ ኖትር ዳምም በፍጻሜው 34 ለ 23 ተረታ።