ዓይነታዊ ወይስ መጠናዊ? ለመመረቂያ ጥናት የዘዴ ምርጫ

በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው በእህል ማሳው ላይ ዲከረንስ የተባለውን ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዝርያ ዛፍ እየተከለ ከሰል ወደ ማክሰል መዞሩን ለማጥናት የተነሣ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ዘዴውን ሊወስንለት የሚገባው የሚያነሣው ጥያቄ እንጂ ለቁጥር ያለው ፍርሃት አይደለም።

ጥያቄው «ስንት አባወራ ተከለ? የመሬቱ ስፋት ከውሳኔው ጋር ምን ያህል ይዛመዳል?» የሚል ከሆነ መጠናዊው፣ ማለትም በቁጥር የሚለካው፣ ዘዴ ይስማማዋል። የናሙናን ብዛት ለማስላት በሚያገለግለው በያማኔ ቀመር መሠረት 2000 አባወራ ካለበት አካባቢ፣ በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ፣ 333 ያህሉ በዕጣ መመረጥ አለባቸው፤ በገበያ ቀን ያገኙትን ሰው ብቻ ጠይቆ ውጤቱ ወረዳውን ይወክላል ማለት አይቻልም።

«ገበሬው እህሉን ትቶ ለምን ተከለ? ውሳኔው በቤት ውስጥ እንዴት ተደረሰበት?» የሚለው ግን ወደ ዓይነታዊው፣ ማለትም ከቁጥር ይልቅ የሰዎችን ቃልና ምክንያት ወደሚመረምረው ዘዴ፣ ይመራል። እዚህ ተጠያቂዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ቃለ መጠይቁም አዲስ ሐሳብ መምጣት እስኪያቆም ይቀጥላል። ብዙ ተማሪዎች ስሌት ስለሌለበት ይቀላል ብለው ይመርጡታል፤ ይህ በእኔ እምነት ከባድ ስህተት ነው። የአንድ ሰዓት የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ በአዊኛ የተነገረ ከሆነ ትርጉም ይጨመርበታል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የተባለውን ደጋግሞ አንብቦ፣ ተመሳሳይ ሐሳቦችን በኮድ (በአጭር መለያ ስም) ለይቶ፣ ጭብጥ ማውጣት ይከተላል። ሚስቶችንም ለብቻቸው ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ባል ባለበት የሚሰጥ መልስ ብዙ ጊዜ የባል መልስ ነውና።

ጊዜ ያለው ተማሪ አስቀድሞ ጥቂት ገበሬዎችን አነጋግሮ፣ ከአፋቸው የሰማቸውን ምክንያቶች የመጠናዊው መጠይቅ የመልስ አማራጮች ቢያደርጋቸው መጠይቁ ራሱ ይሻሻልለታል።