ምሳው ነፃ፣ መርፌው 9 ሺህ ዶላር

ይሄ የምግብ ቤት ግምገማ አይደለም። ምሳ ግን በልተናል።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ አባባን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ሆቴል አዳራሽ ሄድኩ። ስሙን የማልጠራው ክሊኒክ «ልብዎን በስቴም ሴል ያድሱ» የሚል ወረቀት በትኖ ነበር። ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊያድግ የሚችል ጀማሪ ሴል ነው። አባባ ሃርት አታክ ካገኛቸው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ ቆም ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ያያሉ። ፎቶውን ወደው አይደለም፣ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነው። ወረቀቱን አራቴ አነበቡት።

መስተንግዶው አንደኛ ነው። ሳልመኑ በደንብ የበሰለ፣ ሰዎቹም ትሁት። ተናጋሪው የጀመረው ከጀርመን ነው፤ ጎቲንገን ከተማ ውስጥ ከስቴም ሴል በላብራቶሪ የበቀለ የልብ ጡንቻ እንደ እራፊ በአንዲት የ46 ዓመት ሴት ልብ ላይ ተሰፋ አለ። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ኔቸር የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቷል። ሥራዬ የልብ አልትራሳውንድ ማንሳት ስለሆነ እንዲህ ያለ ወሬ አያመልጠኝም። ሴትዮዋ ከሦስት ወር በኋላ ልብ ሲቀየርላት፣ የወጣው ልብ ላይ እራፊው በሕይወት ነበር፤ የደም ሥርም ገብቶበታል።

እጄን አወጣሁ። «እናንተ የምትሰጡትም እሱን ነው?»

አይደለም። የእነሱ ከሆድ ስብ ተወስዶ፣ እዚያው ተጣርቶ፣ በዚያው ቀን ክንድ ላይ በደም ሥር የሚሰጥ ነው። እንዲህ የገባ የስብ ሴል ሄዶ የልብ ጡንቻ አይሆንም። የጎቲንገንም የጃፓኗ ኦሳካም ተመራማሪዎች የሚሠሩት ሌላ ነው። ያደገውን ሴል ወደ ጅማሬው ይመልሱትና እንደገና የልብ ጡንቻ እንዲሆን ያሳድጉታል። የላብራቶሪ ሳህን ላይ ሆኖ ሲመታ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

«የልብ ምት ቢዛባስ?» አልኩ። የአሜሪካዋ ሲያትል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት ከሰው ስቴም ሴል ያሳደጉትን 1 ቢሊዮን የልብ ሴል ጦጣዎች ላይ ሲተክሉ ጡንቻው ያዘ፣ የልብ ምታቸው ግን ተረበሸ። የሌላ ሰው ሴል ከሆነ ደግሞ ሰውነት እንዳይገፋው መድኃኒት መዋጥ አለ። «የእኛ ምንም ጉዳት የለውም» አለኝ። ቀጥሎ የመጣችው ልጅ በየወሩ መክፈል እንደሚቻል ነገረችን።

9 ሺህ ዶላር። ኢንሹራንስ አይሸፍንም። «በመንግሥት ድረ ገጽ ተመዝግበናል» ይላሉ፤ መመዝገብ ፈቃድ ማግኘት አይደለም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለልብ የፈቀደው የስቴም ሴል ሕክምና የለም። እውነተኛ ሙከራ ውስጥ የገባ በሽተኛ ደግሞ ለሚሞከርበት ነገር አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።

ለምሳው አራት ኮከብ፣ ለመርፌው ባዶ።

መኪና ውስጥ «ታዲያ የጀርመኗስ?» አሉኝ።

«እሷም ሌላ ልብ እስኪገኝላት ነበር፣ አባባ።»

ዝም አሉ። ከአዳራሹ የተሰጠን እስክርቢቶ ግን ጥሩ ይጽፋል። ጠዋት ጠዋት ክብደታቸውን የሚመዘግቡት በእሱ ነው።