ባለ ሁለት ንብርብር የናይለን ፖፕ ፊልተር፦ ከ8 ወር በኋላ

ደብረ ማርቆስ ቤቱ ተቀምጦ ቀረርቶና ፉከራ ለሚቀዳ ሰው የፖፕ ፊልተር (ማይክ ፊት ቆሞ የአፍን ንፋስ የሚያበርድ መረብ) ትልቁ ፈተና «ዘራፍ!» ነው። የመጨረሻዋ ፍ ከነትንፋሿ ስትወጣ ማይኩ ላይ «ቡፍ» ትላለች። የሚያበላሸው ንፋሱ ነው፤ የማይኩን ስስ ሽፋን ሲገፋው ወፍራም የቤዝ ጉብታ ሆኖ ይቀዳል። ብ እና ፕም ያው ናቸው። ጥ እና ቅ ግን ሹል ናቸው እንጂ ብዙ ንፋስ የላቸውም፤ ፖፕ ፊልተር አያለዝባቸውም።

ዕቃው 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው፤ በተጣጣፊ አንገት ከማይክ ማቆሚያው ጋር ይታሰራል። ናይለኑ ከ8 ወር በኋላም አልላላም። ብዙ ሰው ማይኩ ላይ ለጥፎት «አይሠራም» ይላል። ንፋሱ መረቡን ካለፈ በኋላ የሚበተንበት ክፍተት ይፈልጋል፤ ፊልተሩ ከማይኩ ከ5 እስከ 8፣ አፍ ደግሞ ከፊልተሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ለፉከራ ይህም አይበቃም። አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ማለትና ማይኩን ከአፍ ትይዩ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ማዞር ያስፈልጋል፤ ድምፅ ይሰራጫል፣ ንፋስ ግን ቀጥ ብሎ ያልፋል።

ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰው ሳያስበው ወደ ማይኩ ይጠጋል። ካርዲዮይድ ማይክ (ከፊቱ የሚመጣውን ድምፅ አብልጦ የሚቀዳው ዓይነት) ሲጠጉት ቤዙን ስለሚያወፍር ብ ይብስበታል። ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቁ ይሻላል።

ደካማው ክፍል አንገቱ ነው። ከ3ኛው ወር ጀምሮ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ጥሩ ቀረጻ መሃል ላይ ክቡ ማይኩን ነክቶ «ቋ» ሲል ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ማሰሪያውን ወደ ማይኩ አስጠግቶ ትርፉን አንገት ማጠፍ ይረዳል፤ ባጠረ ቁጥር ክብደቱን ይችላል። የማሰሪያው ላስቲክም ተላቅቋል። በብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭ ተተክቶ ከበፊቱ ጠብቆ ይዟል።

ምራቅ ስለሚደርቅበት በወር አንዴ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ሳይታሽ ይታጠብ። ሐምሌ ላይ ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥብ ሆኖ አይቀዳበት።

አልፎ የገባውን «ቡፍ» ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ያቺን ፊደል ብቻ መርጦ፣ ሃይ ፓስ በሚባለው ወፍራሙን ድምፅ ቆርጦ ቀጭኑን በሚያሳልፍ ማጣሪያ ከ80–100 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ ይቻላል። ሙሉ ዘፈኑ ላይ ከፍ አድርጎ መቁረጥ ግን የወንዱን ድምፅ ያቀጥነዋል።

የሚገዛ ሰው ሱቁ ውስጥ አንገቱን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ 5 ደቂቃ ያቆየው። ክቡ ዝቅ ካለ ሌላ ያስወጣ።