ውሌን ያነበቡልኝ የአራት ኪሎው ጋሼ

ይህን ምስጋና ቀደም ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። የዘገየሁት ጋሼ "ስሜን እንዳታወጪ" ስላሉኝ ነው። ስማቸውን አላወጣም። ሥራቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ አሁንም በየሳምንቱ "ውጭ አገር እንግሊዝኛ ማስተማር እፈልጋለሁ፣ ገንዘብ ግን የለኝም" የሚል መልእክት ይደርሰኛል።

ጋሼ አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ከሠላሳ ዓመት በላይ እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ሲቪ ይጽፋሉ፣ ማመልከቻ ያርማሉ፣ ሰነድ ስካን ያደርጋሉ። በራቸው ላይ የተለጠፈው ይኸው ነው። ያልተለጠፈው ደግሞ አለ፤ የሚያትሙትን ወረቀት ያነባሉ።

ጥር 2016 ነበር። በአንድ የግል ትምህርት ቤት 7ኛና 8ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ከቤት ኪራይና ከታክሲ የሚተርፈኝን እቁብ ነበር የምጥለው፤ ያን ሰሞን 80 ሺህ ብር ደረሰኝ። ልክ በዚያው ሳምንት አንድ ደላላ በቴሌግራም ሥራ አመጣልኝ። ባንኮክ፣ የእንግሊዝኛ መምህርት፣ በወር 1,200 ዶላር፣ ቤትና ምግብ በነጻ። ዲግሪ አያስፈልግም ተባልኩ። ለፕሮሰስ 55 ሺህ ብር ክፈይና በአሥር ቀን ትበሪያለሽ አለኝ። ውሉን በፍላሽ ይዤ ላሳትም ጋሼ ጋ ገባሁ።

ፋይሉን ከፈቱት። ማተሚያውን ሊነኩ የዘረጉትን እጅ መልሰው መነጽራቸውን አደረጉና ከላይ ጀምረው አነበቡ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። እሳቸው ግድ አልሰጣቸውም።

"የትምህርት ቤቱ ስም የታለ?" አሉኝ።

የለም። እኔም ልብ አላልኩትም ነበር።

"በቀን 12 ሰዓት ይላል። የቱ ትምህርት ቤት ነው 12 ሰዓት የሚያስተምረው? ፓስፖርቱን ድርጅቱ ይይዘዋል ይላል። ለምን?" ከዚያ ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኛዋን ወደ ሜ ሶት የሚወስድ መኪና ይዘጋጃል ይላል። ካርታ ከፍተው አሳዩኝ። ሜ ሶት ባንኮክ አይደለም። ከባንኮክ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚርቅ የድንበር ከተማ ነው። አጠገቡ ሞኤ የሚባል ወንዝ አለ። ከወንዙ ማዶ ሚያዋዲ ናት፤ ምያንማር።

"የድሮ ተማሪዬ በዚህ መንገድ ሄዶ እስከ ዛሬ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው በኢንተርኔት ሰው ያስጭበረብሩታል። ከግቢ አይወጣም። ይሄን አላትምልሽም የኔ ልጅ። ሌላ ቦታ ማሳተም ትችያለሽ። እዚህ ግን አይታተምም።"

ተናድጄ ወጣሁ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ዕድሌን የዘጉብኝ ነው የመሰለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት በራቸውን ሳይከፍቱ ደርሼ ጠበቅኳቸው።

ዓመት ካለፈ በኋላ፣ የካቲት 2017፣ ሰው አግተው በኢንተርኔት ከሚያስጭበረብሩት የሚያዋዲ ካምፖች ተለቀው ወደ ታይላንድ የተሻገሩ 260 ሰዎች ዜና ወጣ። 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ያን ጊዜ እኔ ታይላንድ ውስጥ ክፍል ገብቼ አስተምር ነበር። ዜናውን በስልኬ እያነበብኩ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ጋሼ አንድ ደብተር አውጥተው "አሁን በእውነተኛው መንገድ እንሂድ" አሉ። መጀመሪያ ያደረጉት መሰረዝ ነው። የደቡብ ኮሪያው የመንግሥት ፕሮግራም ኢፒክ የሚቀበለው የሰባት አገር ዜጎችን ነው፤ አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ። እኛ የለንበትም፣ ተሰረዘ። ታይላንድ ግን እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ መምህራንንም ትቀጥራለች። ዲግሪ ትጠይቃለች። የቋንቋ ፈተናም ትጠይቃለች፤ ቶይክ ከሆነ 600 ነጥብ፣ ካልሆነ ተመጣጣኝ የአይኤልቲኤስ ውጤት። ደሞዙ ለአሜሪካኖቹና ለእንግሊዞቹ ከሚከፈለው ያንሳል። ይህንንም አልደበቁኝም። "ፍትሐዊ አይደለም፤ ግን አውቀሽ ግቢበት" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሩጫ ነው። ዲግሪዬን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጬ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወሰድኩ። ከወንጀል ነጻ የሚለውን የፌዴራል ፖሊስ ማስረጃ ግን "የመጨረሻው ይሁን፤ የቆየ አይቀበሉም" ብለው አስቆዩኝ። ይህች ምክር ብቻ ሁለት ጊዜ ከመክፈል አዳነችኝ። አይኤልቲኤስ ውድ ስለሆነ አንዴ ብቻ እንድፈተን ለሁለት ወር ከሥራ በኋላ እሳቸው ሱቅ ጥግ ቁጭ ብዬ ድርሰት እጽፋለሁ፣ በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ። ለዚህ አንድ ብር አልተቀበሉኝም።

ስለ ዴሞው ትምህርት ላውራ፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚያ ላይ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ከመቅጠራቸው በፊት ለሙከራ በቪዲዮ አስተምሪ ይላሉ። እኔ ሰዋስው ማብራራት ነው የለመድኩት። ጋሼ ደንበኛ መቀመጫ ላይ ተቀመጡና "እኔ የአሥር ዓመት የታይ ልጅ ነኝ። አማርኛ አላውቅም፣ እንግሊዝኛም አላውቅም። አስተምሪኝ" አሉ። ማብራራት ጀመርኩ። ዝም ብለው ያዩኛል። ደገምኩት። ዝም። ከዚያ ተነስተው ከጎረቤት ሱቅ ሦስት ሽንኩርትና አንድ ቲማቲም ይዘው መጡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው "ምላስሽን አሳርፊ፣ እጅሽን አሠሪ" አሉኝ። አንዱን ሽንኩርት አነሳሁ፣ ስሙን ጠራሁ፣ ሰጠኋቸው። ሁለተኛውን አነሳሁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስንት እንደሆነ ጠየቅኳቸው፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር መለሱልኝ። ዴሞዬን ያለፍኩት በዚያው በሽንኩርት ነው።

ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ሲተመን ብር ወደቀና ያስቀመጥኩት የቲኬት ገንዘብ አልበቃ አለ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ጋሼ "ክረምት አይደለ እንዴ" ብለው "እንግሊዝኛ ቤት ለቤት የምታስጠና መምህርት" የሚል ወረቀት ጽፈው ከነስልኬ በራቸው ላይ ለጠፉልኝ። በሁለት ሳምንት አምስት ልጆች አገኘሁ። ኮሚሽን ልስጥዎት ብላቸው ተቆጡኝ።

ጥቅምት 2017 ሄድኩ፤ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እዚያ የሚጀምረው በፈረንጆቹ ኖቬምበር መጀመሪያ ነው። ቪዛዬ ነን ቢ የሚባለው፣ ለሥራ የሚሰጠው ነው፣ ትምህርት ቤቱ በላከልኝ ደብዳቤ የተሠራ። በቱሪስት ቪዛ ገብታችሁ አስተምሩ የሚላችሁን አትስሙ፤ ሕገወጥ ነው፣ ስትያዙ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ። የምሠራው ኮራት በሚባለው ክፍለ ሀገር ነው። የተቀጠርኩት በ20 ሺህ ባት ነው፣ የክፍሌ ኪራይ 3,500። ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ግን ለእናቴ እልካለሁ፣ እቁብም ገብቻለሁ። ለመቀጠር ለማንም አንድ ሳንቲም አልከፈልኩም።

ሰኔ 2017 ላይ ወይ ክሩ የሚሉትን በዓል አየሁ። ተማሪዎች አበባ ይዘው መምህራኖቻቸው ፊት ተንበርክከው የሚያመሰግኑበት ቀን ነው። አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ አበባዋን በሁለት እጇ ዘርግታ አጠገቤ ስትደርስ እንባዬ መጣ። ማታ ጋሼ ጋ ደወልኩና አበባው ለእርስዎ ነው አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "ሽንኩርቱን አልረሳሽውም?" አሉኝ። አልረሳሁትም ጋሼ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሱቁን አመላክታችኋለሁ። ለእኔ ሲቪውን፣ ስካኑንና ኮፒውን ሁሉ ጨምሮ በዘጠኝ ወር የከፈልኳቸው 1,140 ብር ነው፤ ዛሬ ወረቀትና ቀለም ስለተወደደ ትንሽ ይጨምር ይሆናል። እሑድ ይዘጋሉ። ዋናውንም ኮፒውንም ይዛችሁ ሂዱ። ውል ካላችሁ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ውሰዱላቸው። ቁጭ ብለው እስኪጨርሱ ታገሷቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት።