ለኢድ አባያ በቴሌግራም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

እህቶች፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ኢድ ሲቃረብ ቴሌግራም ላይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይበዛል። «የዱባይ ኦርጅናል ኒዳ አባያ ከነሂጃቡ፣ በትእዛዝ ብቻ፣ ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ።» ኒዳ አባያ የሚሰፋበት ጨርቅ ነው። ፎቶው ያምራል፤ ዋጋውም ከሱቅ ይቀንሳል። እባካችሁ እንዲህ ላለ ዕቃ ቀብድ አትክፈሉ።

እኔ ያዘዝኩት ጥቁር፣ ሰፊ፣ ከፊት የተዘጋ አባያ ነበር። ቀብዱን በቴሌብር ላክሁ። ዕቃው የመጣው የኢድ ዋዜማ ላይ ነው። ያመጣው የሞተር ልጅ ቀሪው ሳይከፈል ፌስታሉ እንዳይከፈት ተነግሮታል። ከፍዬ ስከፍተው ጨርቁ ስስና የሚያብረቀርቅ ሆኖ አገኘሁት። መስኮት አጠገብ ስይዘው ጣቶቼ ከጀርባው ይታያሉ። ከፊት የተዘጋ የተባለው ከጉልበት በታች ክፍት ነው። ሂጃቡም ደረት አይሸፍንም። ለሻጯ ስጽፍላት «ከስር የሆነ ነገር ልበሺበት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተጻጻፍነው ሁሉ ከስልኬ ጠፋ።

ሂጃብ ለምትለብስ ሴት ገላ የሚያሳይ አባያ ምን ይሠራላታል? ለብሳው አትወጣም፤ አትሰግድበትም። በኢድ ጠዋት ደግሞ ሌላ የምትገዛበት ሱቅ የለም። ዕቃው ዋዜማ ላይ የሚደርሰው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ከገንዘቡ በላይ ያንገበገበኝ ግን አነጋገሯ ነው። «ወላሂ ኦርጅናል ነው፣ አማና ነው እህቴ» ብላ ነው የሸጠችልኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ ከላይ ደረቅ፣ ከውስጥ እርጥብ የሆነ የእህል ክምር አግኝተው ነጋዴውን የገሠጹበትን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን እናውቀዋለን። እንከንን ደብቆ መሸጥ አንድ ነገር ነው። በአላህ ስም ምሎ መሸጥ ግን በጣም ይከብዳል።

ቤቷ ሆና በታማኝነት የምትሸጥ እህት የለችም እያልኩ አይደለም። ሞልታለች። እሷ ግን «ነይና እዪው» ትላለች፤ ጨርቁን በቪዲዮ በቀን ብርሃን ታሳያለች። ይህን ስትጠየቅ የምትሸሸዋን ተዉአት። የቻናሉ አባላት ብዛትም አያታልላችሁ፤ አባል በገንዘብ ይገዛል። ከየፖስቱ ስር ስንት ሰው እንዳየው የሚያሳየውን ቁጥር ተመልከቱ። አባላቱ በአሥር ሺዎች ሆነው የሚያየው ጥቂት መቶ ከሆነ አንድ ነገር አለ። ፎቶውን ጎግል ላይ አስገብታችሁ ፈልጉት። የቱርክ ወይም የዱባይ ድርጅት ፎቶ ሆኖ ብታገኙት አይግረማችሁ።

«ኦርጅናል ኒዳ» የሚለውም ብዙ አያስተማምንም። ኒዳ ፖሊስተር ነው፤ ጥሩም መናኛም አለው። ጥሩው ደብዘዝ ያለ ጥቁር ነው፣ አያብረቀርቅም፣ ሲለብሱት ወደ ታች ይወርዳል። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከጨርቁ ስር ያዙት። ብርሃኑ ጎልቶ ካለፈ ፀሐይ ላይም ገላ ያሳያል። ነጭ ሶፍት በውኃ አርሳችሁ ጨርቁን እሹት፤ ሶፍቱ ከጠቆረ ቀለሙ ይለቃል። እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፤ እጅጌው ወደ ክርን ከተንሸራተተ አይሆናችሁም።

ስለ ቁጥሩም ልንገራችሁ። አባያ ላይ የሚጻፈው 52፣ 54፣ 56፣ 58 ወይም 60 ከትከሻ እስከ ታች ያለው ርዝመት በኢንች ነው። 54 ወደ 137 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ 56 ደግሞ ወደ 142። ከትከሻችሁ እስከ ቁርጭምጭሚት በሜትር አስለክታችሁ ያዙ። «ለሁሉም ይሆናል» ለምትላችሁ ሻጭ ርዝመቱን በሴንቲሜትር ንገሪን በሏት።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ይህን መብት አይሽረውም። ችግሩ አድራሻም ደረሰኝም የሌላትን ሻጭ የት አግኝተን እንከሳታለን? ለዚህ ነው መርካቶ አንዋር መስጊድ አካባቢ ካሉት ሱቆች ጨርቁን ዳስሳችሁ፣ ደረሰኝ ተቀብላችሁ ብትገዙ የምመርጠው። ትንሽ ቢወደድም በማግሥቱ ተመልሳችሁ የምታገኙት ሰው አለ።

ቀብድ ከፍላችሁ እየጠበቃችሁ ያላችሁ እህቶች፣ ዛሬውኑ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ስክሪንሾት አንሡ። ቴሌግራም ላይ ሻጯ ከሁለታችሁም ስልክ ልታጠፋው ትችላለች። የቴሌብሩን መልእክትና የተላከለትን ሰው ስም አስቀምጡ። የሞተር ልጁ ሲመጣ ደግሞ ፌስታሉ እናንተ ፊት ሳይከፈት ቀሪውን እንዳትከፍሉ። አይከፈትም ካለ ይዞት ይመለስ። ቀብዱ ቢቀር እንኳ ቀሪው ግማሽ እጃችሁ ላይ ነው።