7517 ወይስ 7518?

ጎጃም ውስጥ ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር) የተማረ ሰው ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ 5500 ላይ 2017 ሲደመር 7517፣ 2018 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠር ዓመት) ይሆናል። ጎረቤት ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል።

7518 ለጋስ ነው። 2 × 3 × 7 × 179 ስለሆነ 16 አካፋዮች አሉት። ደጀን ላይ 7518 ኩንታል ጤፍ ቢራገፍ ለ42 ነጋዴ 179፣ 179 ይደርሳል። ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ 9762 ይሆናሉ፤ ከራሱ ከቁጥሩም ይበልጣሉ።

7517 ግን ንክች አይልም። ካሬ ሥሩ ከ87 ስለሚያንስ እስከ 83 ባሉት 23 ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1ና ከራሳቸው በቀር ሌላ አካፋይ በሌላቸው) መሞከር ይበቃል። በ7 ቢሉት 6 ይተርፋል፣ በ13 ቢሉት 3፣ በ83 ቢሉት 47። ራሱም ብቸኛ ቁጥር ነው።

እኔ ለዚህኛው አደላለሁ። ዓመተ ዓለሙ ለ4 ተካፍሎ 1 ከተረፈ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ከተረፈ ዘመነ ማርቆስ ነው (ደብረ ማርቆሶች ለ7518 ቢያደሉ አይፈረድባቸውም)። የሒሳብ ሊቁ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 እንደጻፈው፣ ሌላው ሊቅ ኦይለርም ኋላ እንዳረጋገጠው፣ ለ4 ተካፍሎ 1 የሚተርፈው ብቸኛ ቁጥር ሁሉ የሁለት ካሬዎች ድምር ነው። ይኸው፦ 86 × 86 ሲደመር 11 × 11፣ ማለትም 7396 + 121። 7518 ውስጥ 3 አንድ ጊዜ ብቻ ስለገባ እንዲህ ሊከፈል አይችልም።

መስከረም 1 የሚውልበትን ቀን ለማውጣት ግን ስሌታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ለ4 ሲካፈሉ 1879 ይደርሳል፤ ያንን ከዓመተ ዓለሙ ጋር ደምሮ ለ7 ሲገድፉት 2 እና 3 ይተርፋል፤ 1 ማክሰኞ ስለሆነ፦ ረቡዕና ሐሙስ።